ዮሐንስ አፈ ወርቅ ለአባቶች የሰጠው ሥራ

በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሚስትም ልጅም የሌለው አንድ የአንጾኪያ ሰው አባቶች ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያሳድጉ የምታስተምር ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። ሰውየው እኛ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የምንለው ነው። እ.ኤ.አ. በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ፤ በ407 ደግሞ በስደት ላይ ሳለ ዐረፈ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በእሱ ስም ይጠራል። ስሙን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ይህችን መጽሐፉን ግን ሲያነሷት እምብዛም አልሰማሁም። ርእሷ ሁለት ነገር ይዟል፤ ከንቱ ውዳሴን እና የልጅ አስተዳደግን። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች በአንድ ጥራዝ ምን አገናኛቸው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ የመጽሐፏን ልብ ያገኘዋል።

መጽሐፏ ስለ ልጅ ከመናገሯ በፊት ወደ ቴአትር ቤት ትገባለች። አንድ ባለጸጋ ለከተማው ሕዝብ ትርኢት ደግሷል። ሕዝቡ ገና ሲያየው ብድግ ብሎ በአንድ ድምፅ ያወድሰዋል፤ የከተማው ጠባቂና አለቃ ያደርገዋል፤ እጁ የማይነጥፍ ነው ሲል ከዓባይ ወንዝ ጋር ያመሳስለዋል። የእኛን ዓባይ ማለቱ ነው። ሰውየው በዚያ ጩኸት ሰክሮ ያለውን ሁሉ ይበትናል። ገንዘቡ ያለቀ ዕለት ግን ያ ሁሉ ሕዝብ አብሮት የለም፤ እንዲያውም ያጨበጨቡለት ሰዎች ናቸው የሚያሙት።

ዮሐንስ ከዚህ በቀጥታ ወደ ቤት ይገባል። ይህ የውዳሴ ጥማት ሰው ላይ የሚተከለው በሕፃንነቱ ነው፤ የሚተክለውም ወላጁ ነው ይላል። ልጅ ሲወለድ አባት የሚጨነቀው ስለ ጠባዩ ሳይሆን ስለሚለብሰውና ስለሚያጌጥበት ነው፤ ልጁም ሰው ሲያየው መደነቅን ከወተቱ ጋር ይማራል። ስለዚህ መጽሐፏ የምትመክረው መድኃኒት ስብከት ወይም ጉባኤ አይደለም። ማንም የማያጨበጭብለት፣ በቤት ውስጥ፣ በየዕለቱ የሚሠራ ሥራ ነው። አባት ራሱ ይሠራዋል፤ ለሌላ አያስተላልፈውም።

ይህን ሳነብ የእኛን ወንዶች ማሰቤ አልቀረም። ክርስቲያን ወንድ በእምነቱ አደገ የምንለው መቼ ነው? ብዙ ጊዜ በሰበካ ጉባኤ ሲመረጥ፣ የጽዋ ማኅበሩ ሙሴ ማለትም መሪ ሲሆን፣ ለሕንጻ ማሠሪያ በሕዝብ ፊት ቃል ሲገባ ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በኩል ደግሞ ሽማግሌ ሲሆን ወይም ጸሎት ሲመራ ነው። ይህ አገልግሎት የከበረ ነው፤ ሰዎች ባይሸከሙት ኖሮ ቤተ ክርስቲያን አትቆምም ነበር። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት፣ በምዕራፍ 3፣ ቅደም ተከተሉን ሌላ አድርጎታል። ኤጲስ ቆጶስ የሚሾመው መጀመሪያ ቤቱን በደንብ ሲያስተዳድር ታይቶ ነው፤ ቤቱን ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃል ብሎ ይጠይቃል። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ተገላብጧል። ሰው በውጭ ከተሾመ በኋላ ቤቱ ደኅና ነው ብለን እንገምታለን፤ ሚስቱንና ልጆቹን የሚጠይቃቸው የለም።

ዮሐንስ ለአባት ከሰጠው ሥራ እኔን ከሁሉ የሳበኝ ተረክ ነው። ማታ በማዕድ ዙሪያ አባት ለልጁ የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ይንገረው ይላል። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ ብሎ ይጀምርለት፤ አንዱ እረኛ፣ አንዱ ገበሬ። ልጅ እንዲጥመው እያደረገ፣ ሳያሰለች ይተርክለት። እናትም እዚያው ተቀምጣ ትስማ፤ ታሪኩንም ታወድስ። በሌላ ማታ ደግሞ አባት ይጠይቀው፤ የእነዚያን የሁለቱን ወንድማማቾች ታሪክ እስቲ አንተ ንገረኝ ይበለው። ልጁ ታሪኩን እስኪይዘው ድረስ ትርጉሙን አያብራራለት። ይህ ሲጸና ወደ ያዕቆብና ዔሳው ይለፉ።

ከዚያ ዮሐንስ አንድ ነገር ይጨምራል። ያ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን በሚነበብበት ቀን አባት ልጁን በእጁ ይዞ ይውሰደው። ልጁ ሌሎች ልጆች የማያውቁትን እሱ ስለሚያውቅ ሲደሰትና ሲዘል ታያለህ ይላል። እኛ ልጆችን ቤተ ክርስቲያን እናመጣቸዋለን፤ ሦስት ሰዓት ያህል ይቆማሉ፣ ወይም በቅጥሩ ውስጥ ሲሯሯጡ ይቆጧቸዋል። ግእዙ ለእነሱ ሩቅ ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ያደጉት ደግሞ አማርኛውም ይርቃቸዋል። ለዚያ ልጅ አንድ የሚያውቀው ስም ከምንባቡ መሃል ድንገት ሲሰማው ምን እንደሚሆን ዮሐንስ በሚገባ አውቆታል። ልጁ በቤተ ክርስቲያን እንግዳ መሆኑ የሚቀረው ታሪኩን ከአባቱ አንደበት አስቀድሞ ስለሰማው ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ይህን ሊያግዝ ይችላል፤ ሊተካው ግን አይችልም፤ ምክንያቱም ልጁ ከታሪኩ ጋር አባቱ ታሪኩን እንደሚወደው አብሮ ይማራል።

ዕድሜንም ለይቷል። ስምንትና ዐሥር ዓመት ለሆነው የጥፋት ውኃን፣ ሰዶምን፣ በግብጽ የሆነውን መንገር ይቻላል፤ ስለ ገሃነም ግን 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሆነው ይስማ ይላል። ይህ እኛ ከለመድነው ምን ያህል እንደሚርቅ ልብ በሉ። በብዙ ቤት ሕፃን ስለ እግዚአብሔር የሚሰማው የመጀመሪያ ወሬ ይቀጣሃል የሚል ነው። ወተት የደፋ የሦስት ዓመት ልጅን በሲኦል ያስፈራሩታል። አባት በራሱ ሊያደርገው ያቃተውን ሥርዓት በእግዚአብሔር ስም ያስፈጽማል፤ ልጁም አድጎ ከቤት ሲወጣ ያን ፍርሃት ጥሎ ሲሄድ እምነቱንም አብሮ ይጥላል። ዮሐንስ ታላቅ ሰባኪ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ፍርድም በብርቱ የሚናገር ሆኖ ሳለ፣ ለትንሽ ልጅ ግን በወንድማማቾች ታሪክ ጀመረ።

ስለ ዱላ የሚለውም ከዘመኑ የቀደመ ነው። ልጅ ዱላን ይፍራ፤ ግን አይቅመሰው፤ ዘወትር የሚመታ ልጅ ምቱን ይለምደውና ይንቀዋል፤ ስለዚህ አባት አንዳንዴ በኮስታራ ፊት፣ አንዳንዴ በጠንካራ ቃል፣ አንዳንዴ በደግ ቃልና በተስፋ ይግራው ይላል። በልምጭና በአርጩሜ፣ ከዚያም አልፎ በበርበሬ ጭስ ያደግን ሰዎች ይህን ስንሰማ እኛን ማን ገደለን እንላለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ በቤት ውስጥ የሚሆነው ግን አሁንም በአብዛኛው ለአባት ቁጣ የተተወ ነው። እኔ እንደማምነው ብዙ አባት የሚመታው ሥርዓት ለማስተማር አይደለም፤ ውሎው አበሳጭቶት ነው። ልጁም ይህን ለይቶ ያውቃል።

ግን አለመምታት ዝም ማለት አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ዝም ያሉ አባቶችን አይምርም። ካህኑ ዔሊ 40 ዓመት በእስራኤል ላይ ሲፈርድ ኖረ፤ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ ግን በዚያው በመገናኛው ድንኳን የመሥዋዕቱን ሥጋ በግድ ይነጥቁ ነበር። ዔሊ ተናገራቸው፤ ግን ዘግይቶ ነው፣ ከቃል በቀር ምንም አላደረገም። ንጉሥ ዳዊት ደግሞ ጎልያድን የጣለ ሰው ሆኖ ሳለ ለልጁ ለአዶንያስ በሕይወቱ አንድ ቀን ለምን እንዲህ አደረግህ ብሎት አያውቅም፤ መጽሐፈ ነገሥት ይህን ከአዶንያስ ዐመፅ አጠገብ አስቀምጦታል። በጦር ሜዳ የማይፈራ ወንድ ልጁን ለመጠየቅ ሊፈራ ይችላል። ዮሐንስ የሚፈልገው አባት በሁለቱ መሃል ነው፤ የሚጠይቅ፣ የሚከታተል፣ ሲያስፈልግ የሚከለክል፣ እጁን ግን የሚሰበስብ።

እዚህ ላይ ከመጽሐፏ አንዲት ቀላል ምሳሌ ላንሳ። አገልጋይ የልጁን መጻፊያ ቢሰብርበት ልጁ እንዳይቆጣና እንዳይሳደብ፣ ይልቁንም ይቅር እንዲል ይማር ይላል። ቀጥሎ ለአባት የሚሰጠው ምክር ብልህ ነው። ሌላ መጻፊያ ቶሎ ብለህ አትግዛለት፤ እያለቀሰ ሲጠይቅህ ከሰጠኸው ቁጣውን አጽናናኸው እንጂ አላስታገሥከውም፤ መጠየቁን ትቶ ሲረጋጋ ያኔ ስጠው። በተጨማሪ ወንድሞቹና የቤቱ ሰዎች ሆን ብለው እንዲነኩት ያዛል፤ በውጭ ሰው ሲያስቆጣው እንዳይሸነፍ ቁጣን መግታት በቤት ይለማመደው ብሎ ነው። ይህ የማይሆንበት ቤት ግን አለ። አባት ራሱ ብርጭቆ ሲሰበር ቤቱን የሚያናውጥ ከሆነ ልጁ ይህን ልምምድ ከማን ያገኛል? መጻፊያ ለልጁ እንደሆነ ሁሉ ለአባት ደግሞ የተጫረ መኪና፣ ያረረ ወጥ፣ የጠፋ ስልክ አለ። ልጅ አባቱን የሚያጠናው በእነዚህ ቀኖች ነው።

ስለ አገልጋዮች የተናገረው ለእኛ ቤት በቀጥታ ይሠራል። ልጅ እግሩን ለመታጠብ ሲፈልግ አገልጋይ አያጥበው፣ ራሱ ይታጠብ፤ ካባውንም ራሱ ያንሳ ይላል። ዮሐንስ በዚያ መጽሐፍ ባሪያ መያዝን አልተቃወመም፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ነገር ግን ልጅ በሌላ ሰው ጉልበት ላይ ተደግፎ እንዳይጎለምስ ከለከለ። በአዲስ አበባ ብዙ ቤት ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ አለች፤ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ልጅ በዕድሜ እምብዛም አትበልጥም። የ12 ዓመት ወንድ ልጅ ውኃ አምጪ ብሎ ሲጮኽባት አባት በአጠገቡ ተቀምጦ ዜና ያያል። በጸሎተ ሐሙስ ቀን በየአብያተ ክርስቲያናቱ ኅፅበተ እግር ይፈጸማል፤ ካህናት ጌታ ያደረገውን አስበው በወይንና በወይራ ቅጠል የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ያን ቀን እግሩን የታጠበ አባት ቤቱ ሲገባ ለዚያች ሠራተኛ በአክብሮት ቢናገር፣ ልጁንም ጽዋህን ራስህ አንሳ ቢለው፣ ሥርዓቱ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አልፎ ቤት ገባ ማለት ነው።

ስለ ሚስት የተናገረው በሌላ ቦታ፣ ወደ ኤፌሶን ሰዎች የተላከውን መልእክት በተረጎመበት ስብከቱ ላይ ነው። በዚያ መልእክት ምዕራፍ 5 ስለ ሚስቶች የተነገረው ከቁጥር 22 እስከ 24 ነው፤ ከ25 ጀምሮ እስከ 33 ያለው በአብዛኛው ወደ ባሎች ያዘነብላል፤ የሚጠይቀውም ክርስቶስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን እንደሰጠ ራስን መስጠት ነው። ብዙ ወንድ በቃሉ የሚያውቀው ሦስቱን ቁጥሮች ነው። ዮሐንስ ግን ባሎችን ወደ ቀሩት ቁጥሮች ይዟቸው ይሄዳል። አገልጋይን በፍርሃት ማሰር ይቻል ይሆናል፤ እሱም ቢሆን ፈጥኖ ያመልጣል፤ የሕይወት አጋርህን፣ የልጆችህን እናት ግን በፍቅር እንጂ በዛቻ አትያዛትም ይላል። ሚስት በባሏ ፊት ከተንቀጠቀጠች ያ ምን ዓይነት ትዳር ነው ብሎ ይጠይቃል። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱም የተነበበውን እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ ይላል።

በገንዘብ ላይ ያለው ጠንከር ያለ ነው። የእኔና የአንቺ የሚለውን ነገር ከቤት አስወጡት ይላል። ሚስት ይህ የእኔ ነው ብትል ባል እንዲመልስላት የሚመክረው፣ እኔ የራሴ የምለው የለኝም፣ ያለው ሁሉ ያንቺ ነው እንዲል ነው። ደመወዙ ስንት እንደሆነ ለሚስቱ የማይነግር ባል ይህን ሲሰማ ይደነግጥ ይሆናል። በእኛ አገር ይህ ጉዳይ በሕግም ተለውጧል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ፣ ሚስት በሕጋዊ ነገር እንድትታዘዘው አዞ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ያን አንቀጽ አስቀርቶ ባልና ሚስት ቤተሰቡን በእኩል መብት እንዲመሩ ደነገገ። አንዳንድ ክርስቲያን ወንዶች በዚህ ሥልጣን እንደተነጠቁ ይናገራሉ። እኔ የጠፋ ነገር አላይም። ሐዋርያው የጠየቀው ራስ መሆን በፖሊስና በዳኛ የሚጸና አልነበረም፤ ሕግ ሲያዘው የሚሆን፣ ሕግ ሲተወው የሚቀር ከሆነ መጀመሪያም በልብ ውስጥ አልነበረም።

አባትንስ ማን ተጠያቂ ያደርገዋል? ይህን ጥያቄ ቤተ ክርስቲያን አልረሳችውም። ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ የንስሐ አባት አለው፤ ቤት ይመጣሉ፣ ጠበል ይረጫሉ፣ ይመክራሉ። ግን በብዙ ቤት የንስሐ አባት የሚታወቁት የሚስት ሆነው ነው። ባል ሲመጡ ይነሣል፣ ይሳለማል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። ጽዋ ማኅበርም እንዲሁ ነው፤ በየወሩ በሚካኤል ወይም በገብርኤል ቀን የሚሰበሰቡ ወንዶች የቀረውን አባል ለምን ቀረህ ብለው ይጠይቃሉ፣ ሲታመም ይጎበኛሉ፣ ሲያዝን ያጽናናሉ። ትዳርህ እንዴት ነው፣ ልጅህን ሰሞኑን መታኸው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጠብ ደርሶ ሽማግሌ እስኪላክ ይጠበቃል። ያ ጽዋ በየወሩ የሚዞረው ሰዎች እንዲህ ያለውን ጉዳይ በጊዜው እንዲነጋገሩበት ጭምር ይመስለኛል። በወንጌላውያን ታሪክ ደግሞ ቤት ራሱ ቤተ ክርስቲያን የሆነበት ዘመን አለ። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በደርግ ስትዘጋና ንብረቷ ሲወረስ ምእመናኗ በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ተሰብስበው ጸለዩ፤ ዳግም በይፋ ስትከፈት ቁጥራቸው በብዙ እጥፍ ጨምሮ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የቤቱ አባትና እናት በራቸውን የከፈቱት ማን ያየን ይሆን እያሉ እየተጠነቀቁ ነበር፤ የሚያጨበጭብላቸው ይቅርና ቢታወቅ እስር ነበር።

ከዮሐንስ የምለይበት ነጥብ አለ። መጽሐፏ በአብዛኛው ስለ ወንድ ልጅ ናት፤ ሴት ልጅ መጨረሻ ላይ በጥቂት ቃል ለእናቷ ትተዋለች። የዛሬ አባት እዚያ ላይ መቆም አይችልም። ሴት ልጅ ከወንድ ምን እንደምትጠብቅ፣ ምን እንደማትቀበል የምትማረው በአብዛኛው ከአባቷ ነው። ደግሞ ዛሬ በብዙ ቤት አባት ብቻውን ቀርቷል፤ ብዙ እናቶች በቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኩዌትና ወደ ሌሎች አገሮች ሄደዋል። በእነዚያ ቤቶች ልጅቷን የሚያበጥራት፣ የሚያበላት፣ የሚያስተኛት አባት ነው። ይህን የሚያደርግ ወንድ በሰፈሩ ይታዘንለታል እንጂ አይከበርም። እኔ ግን ዮሐንስ የጻፈውን ሥራ ከማንም በላይ የያዘው እሱ ነው እላለሁ።

አባት ሳይኖረው ያደገ ወንድ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል የሚለው የቀረ ጥያቄ ነው፤ ብዙዎች ይጠይቁታል። የዮሐንስ አባት ሴኩንዱስ የጦር መኮንን ነበር፤ ዮሐንስ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ በ20 ዓመቷ ገደማ መበለት ሆና ሌላ ባል ሳታገባ አሳደገችው። ስለ አባትነት የጻፈውን ከአባቱ አላየውም፤ ከቅዱሳት መጻሕፍትና በአንጾኪያ ቤቶች ካየው ነገር ተማረው። ስለዚህ ያላየ ሰው አይችልም ማለት አይቻልም። የሚጀመርበት ቦታም ግልጽ ነው። የቃየልና የአቤል ታሪክ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ከቁጥር 1 እስከ 16 ነው፤ በአንድ ማታ ይተረካል። ማንበብ የማይችል አባት ትልቁን ልጁን ያስነብበው፤ በማግሥቱም ታናሹን፣ የእነዚያን የሁለቱን ወንድማማቾች ታሪክ እስቲ ንገረኝ ይበለው።